የምሥራቁ ድንጋይ

ላንድክሩዘሯ ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ደረቁ ወንዝ ስትገባ ገነነ ማርሽ ቀንሶ ጎማዎቹን በአሸዋው ላይ ለቀቃቸው። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት በአንድ እጃቸው የበሩን መያዣ፣ በሌላው ጭናቸው ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል ጨብጠዋል። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ጥቅሉን ወደ ሆዳቸው ያስጠጉታል።

«ቀስ በል፣ ዋላል» አሉት በአማርኛ፤ ዋላል ብቻ ሶማሊኛ ነው፣ ወንድሜ ማለታቸው። «እኔስ ድሮም የተንገጫገጭኩ ነኝ። ይሄ እንዳይቆሽሽ ነው።»

«ይቅርታ ኤዶ» አለ፣ እንደ አገሬው አክስቴ ብሎ። « መንገዱ ነው እንጂ እርስዎን ላንገላታ ብዬ አይደለም።»

«እርስዎ፣ እርስዎ ትላለህ። ስንት ሰው ጭነህ ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ።»

ከኋላ ወንበር ኢንጂነር ዓብዲራሺድ ሳቀ። ከጎኑ የተቀመጠችው ቀያሿ ናዋል አማርኛ ስለማትሰማ ምን እንደተባለ ጠየቀችው፤ ሲተረጉምላት እሷም ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ሳቀች። ኢንጂነሩ አማርኛውን ከአርባ ምንጭ ነው ያመጣው፤ የውሃ ትምህርት ሲማር። አሮጊቷ ኤዶ ሳህራ ደግሞ ከጅግጅጋ ገበያ፣ ከስደቱ ዘመን።

የሀርጌሳው ዋሄን ገበያ ከተቃጠለ ሁለተኛው ዓመት ነበር። ዝናቡ ወቅቱን እየዘለለ ሀርጌሳ ከአህያ ጋሪ የምትጠጣበት፣ ቦቴ በሰፈር ባለፈ ቁጥር ሴቶች ቢጫ ጀሪካን እያንኳኩ ከየግቢው የሚወጡበት ጊዜ። ከተማው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሊሠራ ያሰበው እንግዲህ በዚያ ጭንቅ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ከዚህ ወንዝ ይጠለፋል፤ በማዝቀጫ ገንዳ ይረጋል፤ ተጣርቶና ክሎሪን ገብቶበት ወደ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ይወርዳል። ለጊዜው ግን ጣቢያው ያለው በወረቀት ላይ ነው፤ ኢንጂነሩ በጉልበቶቹ መሃል ባቆመው ጥቅል ፕላን ውስጥ፣ ከመኪናዋ ኋላ በሚንኳኩት ቀይ ጫፍ ችካሎች ውስጥ።

ገነነ ለቡድኑ ሲነዳ ዓመት ሊደፍን ነው። ጠዋት ኢንጂነሩ ደውሎ «ከመሐመድ ሞጌ ኤዶ ሳህራ የሚባሉ ሴት ይዘህ ና፤ የመቃብሩ ባለቤት ናቸው» ሲለው የትኛው መቃብር እንደሆነ አልጠየቀም። በዚህ አገር በየሜዳው መቃብር አለ። እሱ ደግሞ ከበርበራ ወደብ የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ ድካሙ ገና ከትከሻው አልወረደም።

«የማን ነው መቃብሩ፣ ኤዶ?» አለ፣ ለወግ ያህል።

«የወንድሜ። የዓብዲ።» ጥቅሉን አስተካከሉት። «ይሄ ከፈኑ ነው። አውሮፕላኑ ከተማውን በደበደበ ጊዜ እናቴን ይዤ ስወጣ በሩን ልቆልፍ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። በቃ። እኛ ሐርታሼክ የስደተኛ ድንኳን ገባን፣ እሱ በር ቆልፎ ቀረ። ስንመለስ በሩም የለም፣ ቤቱም የለም።»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«አሚን። ስንት ቦታ አስቆፈርኩ መሰለህ። የሰው አፅም በወጣ ቁጥር እሮጣለሁ። ጥርሱን አያለሁ፤ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነበር። ኋላ አንድ ግመል ጠባቂ፣ ከወንዙ በላይ ከግራሩ ሥር ብቻውን የተኛ አለ፣ ጠያቂ የለውም አለኝ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልቤ ዝም አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስት ዓመት እመላለሳለሁ። በራሱ በኩል ያለውን ድንጋይ ኖራ ቀባሁለት።»

ገነነ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ግራሩ... ግንዱ ሁለት ነው?»

«ሁለት ነው። ታውቀዋለህ?»

«ሳልፍ አይቼው ይሆናል።»

«ሌላም የሚጠይቀው አለ መሰለኝ» አሉ ኤዶ ሳህራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፍየል የገለበጠው ድንጋይ ተቃንቶ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ እርጥብ ቅጠል ይኖራል። መልአክ ነው ብዬ ዝም አልኩ። መልአክን ማነህ ብሎ መጠየቅ ደግ አይደለም።»

ኢንጂነሩ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቱን አስግጎ ገባ። «ጋሽ ገነነ፣ አንተ በርበራ እያለህ ነው ነገሩ የተለወጠው። ታች ችካል የተከልንበት ቦታ ሲፈተሽ ሥሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃ ስትደፋበት ውጦ ዝም ይላል። ገንዳ አይሸከምም። ስለዚህ ማዝቀጫውን ወደ ግራሩ ሳብነው። ከግራሩ አልፈን እንዳንሄድ ገደል ነው። ዝቅ እንዳናደርገው ውሃው በራሱ ቁልቁለት መሐመድ ሞጌ አይደርስም፣ ፓምፕ ይጠይቃል፤ የፓምፕ ነዳጅ ያለቀ ቀን ደግሞ ሰው ወደ አህያው ይመለሳል። ያለን ከወንዙ በላይ ያ አንድ ደልዳላ ደርብ መሬት ነው። በሬዲዮ አስነገርን፣ ኤዶ መጡ። ከዙህር በኋላ ሼህ ዓብዲከሪም ቆፋሪዎች ይዘው ይደርሳሉ። ኤዶ ወንድማቸውን ወደ ዘመዶቻቸው ይወስዳሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ኤዶ ሳህራ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የገነነ እጅ ብቻ ነዳው።

ከግራሩ ሥር የተኛችው ይመኙሻል ናት። ሚስቱ።

በወረርሽኙ ዓመት ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ሀርጌሳ ላይ ክርስቲያን ሲሞት ወጉ አስከሬኑን በወጃሌ ድንበር አሻግሮ ጅግጅጋ ቤተ ክርስቲያን ማሳረፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ድንበሩ ተዘጋ። ቀን እስኪያልፍ በአደራ ትቀመጥ ተብሎ እዚህ ተቀበረች። ባንተአምላክ የሚባል ግንበኛ፣ አገር ቤት ዲያቆን የነበረ፣ የቻለውን ያህል በለሆሳስ ደገመላት። መስቀል አላቆሙም፣ ስም አልጻፉም፤ አንድ ድንጋይ በራስጌ፣ አንድ በግርጌ፣ ያ ብቻ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ወጉን ጠብቆ አፅሟን ሊያፈልስ ገነነ ሲጠብቅ ኖረ። ችካሉ ታች በነበረ ጊዜ በልቡ ተመስገን ብሎ ዝም አለ። ከበርበራ በተመለሰ ቁጥር ጎራ ብሎ በራስጌዋ፣ በምዕራብ በኩል ይቀመጣል። የምሥራቁን ድንጋይ ኖራ ተቀብቶ ያገኘው ጊዜ ባንተአምላክ ነው ብሎ መረቀው። ባንተአምላክ አገር ከገባ በኋላም ኖራው ሲታደስ፣ ሌላ ያገሬ ልጅ ይሆናል አለ። ማን እንደሆነ ማጣራት ስለ መቃብሩ ማውራት ነውና ተወው።

ደርብ መሬቱ ላይ ሲደርሱ ኢንጂነሩና ናዋል መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ገደሉ አፍ ሄዱ። ኤዶ ሳህራ ከፈኑን በሁለት እጃቸው ታቅፈው በቀጥታ ወደ ምሥራቁ ድንጋይ ሄዱና ተቀመጡ። ገነነ ኮፈኑን ከፍቶ የራዲያተሩን ውሃ የሚያይ መሰለ።

ዝም ቢል ምን ይሆናል? እኚህ ሴት በክብር ይወስዷታል። ሥፍራ ይሰጧታል፣ ያለቅሱላታል፣ ዓመት በዓመት ይጠይቋታል። እሱ ሊያደርግላት ያልቻለውን ሁሉ። ስሟ ብቻ ይቀየራል። ከዚያ ደግሞ አንገቷ ላይ ያለው ማተብና ትንሽ የብር መስቀል ትዝ አለው። ቆፋሪዎቹ ያዩታል። ይሄ ማነው፣ ማን ቀበረው፣ በማን ፈቃድ ይባላል። መሐመድ ሞጌ ውስጥ ሲሚንቶ ተሸካሚ፣ ልብስ አጣቢ፣ ግንበኛ ሆኖ የሚያድር ያገሩ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ቢናገርም ያው ነው፤ አሮጊቷ አንዴ ቢጮሁ ይበቃል። ኮፈኑን ዘጋ። አባታችን ሆይን ጀምሮ መሃሉ ላይ ጠፋበት። እንደጠፋበት ወደ ግራሩ ሄደ።

ፊት ለፊታቸው፣ በልማዱ ቦታ፣ በምዕራቡ ድንጋይ በኩል ቁጢጥ አለ።

«ኤዶ፣ ድንጋይ የማቃናው እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩት። መጀመሪያ ፊታቸው በራ። «አንተ? ዓብዲን ታውቀዋለህ?»

«ዓብዲ አይደለም። ሚስቴ ናት። ይመኙሻል ትባላለች። ድንበር የተዘጋ ጊዜ ነው የቀበርናት።»

የፊታቸው ብርሃን እንዳለ ቆየ፤ ቃሉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከዚያ ከፈኑን ከመሬት አነሱት።

«ሌባ» አሉት። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ሐርታሼክ እያለሁ የተሰረቅኩት ብርድ ልብስ ነበር። አሁን ወንድሜን? የሞተ ሰው ይሰረቃል?»

«ኤዶ...»

«ሬሳ ደብቃችሁ በሰው አገር ትቀብሩና፣ የኔን ቀብር የኔ ነው ትለኛለህ? ሼኩ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

«ይንገሩት። ግን ሲከፍቱት ያዩታል። የእናንተ ሰው ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙሮ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። እዚህ አገር ቂብላው ወደ ሰሜን ስለሆነ ራሱ በምሥራቅ ይሆናል፤ እርስዎ በተቀመጡበት። የኛ ሰው በጀርባው ነው፤ ሲነሳ ፀሐይ መውጫን እንዲያይ ራሱ በምዕራብ ነው። እኔ ባለሁበት። ከላይ ሲታይ የሁለቱም ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። የፊት ጥርሷም ሙሉ ነው።»

ኤዶ ሳህራ የተቀባውን ድንጋይ አዩት። እጃቸውን አኑረውበት ነበር፤ አነሱት። ከወንዙ ነፋስ መጥቶ የግራሩን ደረቅ ፍሬ አንኮሻኮሸ። ከሩቅ ኢንጂነሩ «ወደ ግራ! ትንሽ!» እያለ ናዋልን ሲያዛት ይሰማል።

«እና እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ በእግሯ በኩል ነው የተቀመጥኩት።»

«አዎ።»

«ሁሉን ነግሬዋለሁ። እናቴ እንዴት እንደሞተች። እኔ ሳላገባ መቅረቴን። ቤቱን ማን እንደወሰደው። ለእግር ነው የነገርኩት።»

«እኔ በራሷ በኩል ተቀምጬ ብዙም አልተናገርኩ። የሰማችው ካለ የእርስዎን ነው።»

ገነነ ማልቀሳቸውን ጠበቀ፤ አላለቀሱም።

«ዝም ብትል ምን ነበር?» አሉት። «ከፈኑን ራሴ ነው የሰፋሁት። አጠቅልዬ እወስዳት ነበር። አንተ ሲከፈት ይታያል ትላለህ፤ እኔ አላይም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እወስዳት ነበር።»

«ወንድምዎን መፈለግ ያቆማሉ ብዬ ነው።»

«ማቆም ነበር የፈለግኩት።»

ሼህ ዓብዲከሪም ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው፤ የሙሰብሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ከፒክአፑ ወረዱ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አውርደው ቆሙ። ኢንጂነሩ ፕላኑን ኮፈን ላይ ዘርግቶ ገንዳው የሚያርፍበትን ሲያሳያቸው ኤዶ ሳህራ ከተቀመጡበት ተነሱ። ገነነ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ራቅ ብሎ ቆመ። የሚሉትን ሁሉ ባይሰማ እንኳ፣ የሚያውቀው ሶማሊኛ ለዚህ ይበቃዋል።

«ሼህ» አሉ ኤዶ ሳህራ። «ዓብዲ አይደለም።»

«ምን?»

«የተኛችው ሴት ናት።»

ኢንጂነሩ ፕላኑን ለቀቀው፤ ጫፉ ራሱ ተጠቀለለ። ሼኩ ግን እጃቸውን ከሙሰብሃው ላይ አላነሱም።

«ሳህራ፣ በሬዲዮ የኔ ነው ብለሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«የኔ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ነው ያወቅኩት። የመሐመድ ሞጌ ሰው ናት። ጎረቤቴ ናት። ባሏ ይወስዳታል።»

«ወዴት?»

«ወደ አገሯ።»

ሼኩ ገነነን አዩት። ከፊቱ ጀምረው እስከ ተቆለፈው አንገቱ ወረዱ፤ እዚያ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሼኩ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ።

«ሴትን ሴት ያነሳታል። እስከ ክዳን ድንጋዩ ቆፍሩና ራቁ። ጀርባችሁን ስጡ። ባሏ ይቁም።» ቀጠሉና ለኢንጂነሩ፣ «አንተም ፕላንህን እዚያ ሄደህ እይ» አሉት።

ኢንጂነር ዓብዲራሺድ በገነነ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ። «ታች ችካሉን ስንተክል ይሄን ታውቅ ነበር?» አለው በአማርኛ።

«ታች እያለ ምን ልበልህ?»

ኢንጂነሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ። ወጃሌ ያለ አብሮት የተማረ ሰው ነው የሚያነጋግረው፤ አስከሬን፣ ፈቃድ፣ ዛሬ፣ የሚሉት ቃላት በነፋሱ ይመጣሉ። ተመልሶ መጥቶ «ወረቀቱ ድንበር ላይ ይጠብቅሃል። መኪናውን ይዘህ ሂድ» አለውና ዓይኑን ሳያይ ሄደ።

አፈሩ ደረቅ ነበር፣ አልታገለም። ክዳኑ ላይ ሲደርሱ ወንዶቹ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጡ። ናዋል እጇን በጓንት ሸፍና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች፤ ዓይኗን ከክዳኑ ድንጋይ አላነሳችም። ኤዶ ሳህራ «ዝም ብለሽ እኔን እይ፣ ሌላ አትይ» አሏት። ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ። ገነነ በራስጌ፣ እሳቸው በግርጌ። ይመኙሻል በተጠቀለለችበት እንዳለች ነበረች፤ ቀልላለች። ይህን ያህል ትቀልላለች ብሎ አላሰበም። በርበራ መስመር ላይ ጭነት ሲያነሳ የኖረ ክንዱ ለክብደት ተዘጋጅቶ ነበርና ባዶውን ሲያገኝ ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

«ያዝ» አሉት ኤዶ ሳህራ። «አንተ ብትወድቅ የማነሳበት ጉልበት የለኝም።»

ናዋል ከላይ ተቀበለቻቸው። ኤዶ ሳህራ ወጥተው ከፈኑን በአሸዋው ላይ ዘረጉት። ነጭነቱ ዓይን ይወጋ ነበር።

«ኤዶ፣ ይሄ የዓብዲ ነው» አለ ገነነ።

«ዓብዲ እዚህ የለም።»

«ቢስሚላህ» ብለው አንዱን ጠርዝ አጠፉ። እሱ በልቡ «አቤቱ በመንግሥትህ አስባት» አለ። ሌላውን ጠርዝ እሱ አጠፈ። ማተቡን ማንም አላየውም፤ ኤዶ ሳህራ ካዩት አልተናገሩም። ጨርቁ ለረዥም ወንድ የተሰፋ ስለነበር ከእግሯ በኩል ተረፈ፤ እጥፍ አድርገው አሰሩት።

ጉድጓዱ ሲደፈን ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ናዋል መሣሪያዋን ተከለች፣ ኢንጂነሩ ችካሉን ይዞ መጣ። ኖራ የተቀባው ድንጋይ መንገድ ላይ ነበርና አንዱ ቆፋሪ ገፋ አደረገው፤ ተንከባሎ ከሌሎች ድንጋዮች ጋር ተቀላቀለ። የመዶሻው ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ይመጣል። የማዝቀጫው ገንዳ የሰሜን ምሥራቅ ጥግ ቦታውን ያዘ።

ሲመለሱ መኪናዋ ውስጥ ሦስት ነበሩ። የኋላው ወንበር ታጥፎ ይመኙሻል ተኝታበታለች፤ ኤዶ ሳህራ ከፊት፣ ጭናቸው ባዶ። እጃቸው የሚይዘው አጥቶ መቀነታቸውን ይፈታል ያስራል። ገነነ አሸዋውን ቀስ ብሎ ነዳ። አሁን ቀስ በል የሚለው አልነበረም።

«ሐርታሼክን ታልፋለህ?» አሉት አስፋልቱ ላይ ሲወጡ።

«በአጠገቡ አልፋለሁ።»

«እናቴ እዚያ ናት። ድንኳኖቹ ከተነሱ ወዲህ ቦታውን አላገኘሁትም።» መስኮቱን እያዩ ቆዩ። «አትቁም። እንዲያው ነው የነገርኩህ።»

መሐመድ ሞጌ ሲገቡ የአህያ ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ባለ ጋሪው በርሜሉን እየመታ ይጣራል፤ ሴቶቹ የመጨረሻው ውሃ ጭቃ ነው እያሉ ይጨቃጨቁታል። ገነነ ከጋሪዎቹ አልፎ ከኤዶ ሳህራ የቆርቆሮ አጥር አጠገብ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም፤ ድንበሩ ሳይዘጋ መድረስ አለበት።

ኤዶ ሳህራ ወርደው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ወደ ኋላው በር ዞረው በመስታወቱ ላይ እጃቸውን አኖሩ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያ የተረፈውና እጥፍ ብሎ የታሰረው ጨርቅ ይታያል። አፋቸውን ከፈት አድርገው ተዉት። ገነነን በመስኮቱ ጠሩት።

«ዋላል፣ ራሷ በየት በኩል ነው?»

«ከኔ ወንበር ጀርባ፣ ኤዶ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ከመስታወቱ አንስተው፣ የመኪናዋን ጎን እየተደገፉ፣ በአቧራው ውስጥ ቀስ ብለው ወደ ፊት ዞሩ፤ ከወንበሩ ጀርባ ባለው መስኮት ትክክል ሲደርሱ ቆሙና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

ገነነ ሞተሩን አጠፋ።